ለልምምድ የተፈረመ ውል

ቁጡ ነኝ። ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት ብዬ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የውል ሕግ ሳስተምር ተማሪዎቼ ከኋላዬ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «አንቀጽ» ነው የሚሉኝ። አንቀጽ መጣች፣ ዛሬ የአንቀጽ ፊት ጠቁሯል፣ አንቀጽ የእገሌን ስልክ ነጠቀች። እኔም ያልሰማሁ መስዬ በውስጤ ደስ ይለኝ ነበር። ካልተፈራሁ ምኑን መምህር ሆንኩ እያልኩ ነው የኖርኩት።

በየዓመቱ የውልን መሠረታዊ ነገሮች አስተምሬ ስጨርስ ለክፍሉ አንድ ልምምድ እሰጣለሁ። እስከዚያ ያለው ትምህርት ቀላል ነው። አንዱ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሌላው ይቀበላል። ሁለቱም ዕድሜያቸው የደረሰ፣ አእምሯቸው የተስተካከለ ይሆናሉ። የሚዋዋሉበት ነገር ተለይቶ የታወቀ፣ ሊፈጸም የሚችልና ሕግ የማይከለክለው ይሆናል። ከሁሉም በላይ ፈቃዳቸው የገዛ ራሳቸው ይሆናል። ይህን እንደ ውዳሴ በቃሉ የማይወጣ ተማሪ የለኝም። በቃል መውጣትና በእጅ መጻፍ ግን ለየቅል ናቸው። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነው ከመጀመሪያው እስከ ፊርማው ውል እንዲጽፉ አደርጋቸዋለሁ።

ደንቤ ጥብቅ ነው። «ሀ» እና «ለ» የሚባል ተዋዋይ አልፈልግም፤ በራሳችሁ ስም ጻፉ። የማታውቁትን ቤተ መንግሥት አትሽጡልኝ፤ የምታውቁትን የራሳችሁን ንብረት ልኩን፣ ቀለሙን፣ ጭረቱን ሳይቀር ጻፉ። የዕለቱ ቀን ይግባ። ሁለት ምስክሮች ከክፍሉ ይፈርሙ። ሁለት ቅጂ ይሁን፣ ለየራሳችሁ አንድ አንድ ያዙ። ከላይ «ለልምምድ» ብሎ የጻፈ ነጥብ ይቀነስበታል። ነገ ደንበኛ ፊት ስትቀመጡ እጃችሁ የሚንቀጠቀጠው ዛሬ በጨዋታ ስለጻፋችሁ ነው እላቸዋለሁ። እኔም ብሆን ውል ላይ በቀይ አልሞነጫጭርም፤ ውጤቱን በመዝገቤ ላይ አስፍሬ ወረቀቱን ንጹሑን እመልሳለሁ። ውል የተከበረ ነገር ነው ባይ ነኝ። ከዚያ ሰሌዳው ፊት ቆሜ «ይህ ጨዋታ አይደለም፤ የምር ፈርሙ» እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልኩት። ኧረ ሴትዮ ምን ነካሽ ያለኝ አንድም ሰው የለም።

በዚያ ዓመት ክፍሌ ውስጥ አንዲት አናጢ ነበረች። ወደ ሠላሳ ዓመት ይሆናታል። ጠዋት ጠዋት በርና ቁም ሣጥን ስትሠራ ትውልና ከሰዓት በኋላ ትማራለች፤ ፀጉሯ ውስጥ ሁልጊዜ የእንጨት ብናኝ አይጠፋም። ሕግ ለመማር ያመጣት የአባቷ ነገር ነው። ሰውየው ሳያነብ በፈረመው አንድ ወረቀት ግማሽ ግቢያቸውን አጥቶ፣ በዚያው ንዴት ታሞ ሞተ። ለሚስቱና ለልጁ የተረፋቸው የቀረው ግማሽ ግቢና አንድ የእንጨት መላጊያ ማሽን ነው። ያንን ማሽን በኋላ በዐይኔ አይቼዋለሁ። አሮጌ ነው፤ ግን ብረቱ ብረት ነው፣ እንደ ዛሬዎቹ ቆርቆሮ አይደለም። ሸካራ ሳንቃ በዚህ ጎርሶ ለስላሳ አድርጎ በዚያ ይተፋል። ሥራቸው ሁሉ የሚጀምረው ከሱ ነው። እሱ ከሌለ እናትና ልጅ ጦማቸውን ያድራሉ።

ለልምምዱ የደረሳት ጓደኛ ደግሞ ደላላ ነበር። በቃ ደላላ፤ ቤት ያከራያል፣ መኪና ያሻሽጣል፣ ከምላሱ ማር ይንጠባጠባል። ሕግ የሚማረው ሥራውን ለማስፋት ነው። ደግሞ እውነቱን ልናገርና ጎበዝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ካስተማርኳቸው ሁሉ እንደ እሱ ፈጥኖ የሚገባው ሰው ጥቂት ነው። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያልኩትን ሳልጨርስ ይጨርስልኝ ነበር፤ እኔም ሞኟ ያን ፍቅር ይመስለኝ ነበር።

የልውውጥ ውል ደረሳቸው። ደላላው አሮጌ ሞተር ሳይክሉን ጻፈ። አናጢዋ ብዕሯን ይዛ ቀረች፤ ከዚያ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ያልሆነ ዕቃ ፈጥሬ ብጽፍ አይቻልም? የራሴ የምለው ማሽኗ ብቻ ናት፤ እሷን ወረቀት ላይ ማስፈር ፈራሁ» አለችኝ።

ያልኳትን እነግራችኋለሁ፤ መደበቅ ከጀመርኩ ይህን ታሪክ ባላወራው ይሻለኛል። «ወረቀት የምትፈሪ ከሆነ ወደ ሰጋቱራሽ ተመለሽ። ሕግ የአናጢ ሥራ አይደለም» አልኳት። ከዚያ ጨመርኩበት፤ «የማይፈርም ዜሮ አለው፤ ጨርሰናል።» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም በላይ የሳቀው አጠገቧ የተቀመጠው ደላላ ነበር። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ጻፈች፤ የማሽኑን ርዝመት፣ የቢላዎቹን ቁጥር፣ የተሠራበትን ዓመት፣ በግራ እግሩ ላይ ያለውን የብየዳ ጠባሳ ሳይቀር። ዕቃውን በደንብ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ውል ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው። በስልሳ ቀን ውስጥ እንረካከባለን ብለው ፈረሙ። ለሁለቱም ከአሥር ዘጠኝ ተኩል ሰጠኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ «ሰጋቱራ» እያለ ጠራት፤ ስሙን ያወጣሁላት እኔ መሆኔ ነው።

ሁለት ወር አለፍ ሲል አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቢሮዬ ተንኳኳ። የገቡት ነጠላቸውን አጥብቀው የለበሱ ቀጭን አሮጊት ናቸው። ቁጭ በሉ ብላቸው አልተቀመጡም።

«አንቺ ነሽ አሉኝ፣ አንቀጽ የሚሉሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ፤ ምን ልርዳዎት?»

«የአናጢዋ እናት ነኝ» አሉና ከደረታቸው ሥር የፍርድ ቤት መጥሪያ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «ልጄ እንደመጣሁ አታውቅም። ብታውቅ ትገድለኛለች። አንብቢልኝማ፤ ፊደል አልቆጠርኩም።»

አነበብኩት። ሳነብ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ደላላው ከሷል። በጽሑፍ በተደረገና በሁለት ምስክሮች በተረጋገጠ የልውውጥ ውል መሠረት ሞተር ሳይክሉን አስረክቤያለሁ፤ ተከሳሽ ግን ማሽኑን አላስረክብም አለች ይላል። ከክሱ ጋር የውሉ ቅጂ ተያይዟል፤ ንጹሕ ነው፣ ቀይ ነገር አልነካውም። ፎቶግራፍም አለ፤ ሞተር ሳይክሉ በአናጢዋ ሥራ ቦታ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል።

«ይቺ ሞተር እንዴት እናንተ ቤት ገባች?» አልኳቸው።

«እንዴት ትገባለች ልጄ፤ ለምኖ ነዋ። የግቢው በር እየታደሰ ነው ብሎ፣ ሁለት ቀን ብቻ ትቁምልኝ አላት። አብሮ ተማሪዋ አይደል፤ እሺ አለችው። ዝናብ እንዳይመታት ብላ ሸራ ያለበሰቻት እሷ ናት። ወዲያው በነጋታው የፍርድ ቤት ሰዎች መጥተው ማሽኗን በወረቀትና በሲባጎ አሽገው ሄዱ። ሙግቱ እስኪያልቅ አትነካም አሉን።»

ደሜ ፈላ። እማማን ተቀመጡ ብዬ ውሃ ልቅዳ ስል ብርጭቆውን ጥዬ ሰበርኩት። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን ይለቅሙ ጀመር፤ ተዉ ብላቸው አልሰሙኝም።

«እኔ የማውቀው ያቺ ማሽን ከሄደች እኔና ልጄ ከነነፍሳችን መቀበራችንን ነው» አሉ እየለቀሙ። «ጨዋታ ነበር ትላለች ልጄ። ጨዋታ ከነበረ አንቺ መጥተሽ ጨዋታ ነበር ብትይላት ምን ይልሻል?»

«እመጣለሁ። እግዜር ምስክሬ ነው እመጣለሁ» አልኳቸው።

ደላላውን ደረጃ ላይ ጠብቄ ያዝኩት። ሲያየኝ አልደነገጠም፤ እንዲያውም እጅ ነሳኝ።

«አንተ ውሻ» አልኩት። መምህር እንዲህ አይልም፤ እኔ ግን አልኩ። «ያንን ወረቀት ነው ይዘህ ፍርድ ቤት የሄድከው?»

«መምህሬ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ልምምድ ነበር!»

«የት ላይ ተጽፏል?» አለኝ በትሕትና። «‹ለልምምድ› ብሎ የጻፈ ነጥብ ይቀነስበታል አላሉንም? እኔ ሌባ አይደለሁም። ሞተሬን ሰጥቻለሁ፣ ማሽን እቀበላለሁ። ያንን ማሽን የሚፈልግ ሰው አለኝ፤ እሷም በሞተሯ ትሠራለች። ውል በተዋዋዮች መካከል ሕግ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሰሌዳ ላይ የጻፉት እሱን ነው።»

በጥፊ ብለው ደስ ባለኝ። ለነገሩ ማንን ነው በጥፊ የምለው? ከአፉ የሚወጣው ሁሉ የእኔው ቃል ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ደረጃ ላይ ቆሜ ገባኝ።

በማግስቱ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስጠራኝ። እሱም ድሮ የእኔ ተማሪ ነበር፤ ያኔም ቢሆን ጥያቄ ሲከብደው ወደ መስኮት ያይ ነበር።

«ሰማሁ» አለ ወደ መስኮቱ እያየ። «መቼም ፍርድ ቤት እሄዳለሁ እንደማይሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።»

«እሄዳለሁ።»

«እትዬ፣ ነገሩን ያስቡት። መምህርቷ ራሷ የምር ፈርሙ ብላ አስገድዳ አስፈርማለች ቢባል የማን ስም ነው የሚጠፋው? የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ታምሜያለሁ ብለው ደብዳቤ ይላኩ። ዳኛ ብልህ ነው፤ ያለ እርስዎም እውነቱን ያገኘዋል።»

«እና ልጅቱስ?»

«ልጅቱም ብትሆን አዋቂ ናት። አንብባ ነው የፈረመችው።»

የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይሄ ነው። በሩን በኃይል ዘግቼበት ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ያኔ የያዘኝ ንዴት ግማሹ ለልጅቱ ነበር፣ ግማሹ ለራሴ ክብር። ሄጄ ልክ አስገባዋለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩትን ሕግ ይህ ምላሰኛ ሊያስተምረኝ ነው እንዴ እያልኩ ነበር። ለካ አላውቅም።

ችሎቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ጠባብ ክፍል ነው፤ የእንጨት አግዳሚዎች፣ ወረቀት የተከመረበት የጸሐፊ ጠረጴዛ፣ የሚያቃጭል አየር ማናፈሻ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚያነቡ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። አናጢዋ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። ሰላም ስላት አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። ያመጡኝ እናቷ እንጂ እሷ አይደለችም። ኃላፊውም መጥቶ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ምን እንደምናገር ሊሰማ ነው።

ውሉ ላይ የፈረሙት ሁለት ምስክሮች ቀርበው ሲፈርሙ አይተናል አሉ። ሌላ ምን ታውቃላችሁ ሲባሉ ሌላ አናውቅም አሉ። በሁለቱም ላይ ቆሽቴ አረረ፤ ግን ምስክር ያየውን ብቻ ይናገራል ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ እኔ ማልኩና ቆምኩ። ልምምድ እንደነበር፣ አርባ ተማሪ በዚያች ሰዓት ሃያ ውል እንደጻፈ፣ አንዱም የምር እንዳልሆነ ተናገርኩ። አናጢዋ ጠበቃ የላትም፣ ደላላውም የለውም። እሱ ግን ኮቱን ቆልፎ ሊጠይቀኝ ተነሳ።

«መምህሬ፣ ሲያስፈርሙን ‹ይህ ጨዋታ አይደለም› ብለዋል ወይስ አላሉም?»

«ብያለሁ።»

«‹የምር ፈርሙ›ስ?»

«ብያለሁ።»

«በቀልድ የጻፉ ተማሪዎች ነበሩ?»

«ነበሩ። አንዱ አማቱን በፍየል ለወጠ።» ችሎቱ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ፤ ዳኛዋም ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉ።

«ምን ሰጡት?»

«ዜሮ።»

«የእኛንስ?»

«ዘጠኝ ተኩል።»

«ስለዚህ የቀለዱትን ለይተው ጥለዋል፤ የእኛን ግን አልፈዋል። አሁን በመሐላ እጠይቅዎታለሁ። ይህ ወረቀት ከሕግ አንጻር ምን ይጎድለዋል?»

ወረቀቱን ሰጠኝ። የልጅቱ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ጥንቅቅ ያለ። የማሽኑን የብየዳ ጠባሳ ሳይቀር እንደገና አነበብኩት። ስም፣ ቀን፣ ዕቃ፣ ርክክብ፣ ፊርማ፣ ምስክር። ፈልጌ ፈልጌ ምንም አጣሁ።

«ምንም» አልኩ።

እማማ «ውይ» ሲሉ ሰማኋቸው።

«ሕግ የሚመለከተው ሰው በልቡ የደበቀውን ነው ወይስ የገለጸውን?»

«የገለጸውን።»

«አመሰግናለሁ መምህሬ። ጨርሻለሁ» ብሎ ጎንበስ አለልኝ። ያቺ መጎንበስ! ክፍል ውስጥ ጥሩ መልስ ሲመልስ የሚጎነበሳት ናት። እኔ ደግሞ ሰው ፊት እንዳላለቅስ ጥርሴን ነከስኩ። ላድናት መጥቼ ቀብሬያት ልወጣ ነው።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወረዱ። «የምትጨምሪው አለሽ?» አሉኝ።

ወደ ኋላ ዞር ስል ኃላፊው ያየኛል። ዐይኑ በቃ፣ ውረጂ ይላል። ብወርድ ማንም ምንም አይለኝም፤ የተጠየቅኩትን በእውነት መልሻለሁ። አናጢዋን አየኋት። እሷ እኔን አታይም፤ መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጣቶቿን ትመለከታለች። ማሽኑ ከታሸገ ወር ሊሞላው ነው፤ እጆቿ ላይ ብናኝ የለም። ያ ነገር አንጀቴን በላው።

«አለኝ» አልኩ። «ይህ ወረቀት ላይ የሌለ አንድ ነገር አለ። ወረቀት አያሳየውም እንጂ እኔ አውቀዋለሁ። ይቺ ልጅ ከመፈረሟ በፊት እጇን አውጥታ ማሽኔን ወረቀት ላይ ማስፈር ፈራሁ፣ ሌላ ዕቃ ፈጥሬ ልጻፍ ብላ ለምናኛለች።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ሰደብኳት» አልኩ።

«ቃል በቃል ንገሪኝ» አሉ ዳኛዋ።

«‹ወረቀት የምትፈሪ ከሆነ ወደ ሰጋቱራሽ ተመለሽ፤ ሕግ የአናጢ ሥራ አይደለም› አልኳት። የማይፈርም ዜሮ አለው አልኩ። እውነት ነው፣ ፈርማለች። ፈቃዷን ግን ለማንም አልሰጠችም፤ ሰው ፊት አዋርጄ የነጠቅኳት እኔ ነኝ።»

እማማ እንዲህ ብዬ እንደነበር አያውቁም ነበር። ሲሰሙት ወደ እኔ ዞሩ፤ ያን አስተያየታቸውን ዛሬም አልረሳሁትም። የሚጽፈው ጸሐፊ እንኳ ብዕሩን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ። ሙሉ ዕድሜዬን ተማሪ ሳሸማቅቅ ኖሬ መሸማቀቅ ምን እንደሆነ የገባኝ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው።

ዳኛዋ ግን እኔን ትተው ወደ ደላላው ዞሩ። «አንተ ይህ ሲባል ክፍል ውስጥ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«የት?»

«አጠገቧ ነበርኩ።»

«ማሽኑን መስጠት እንደማትፈልግ ስትናገር ሰምተሃል ማለት ነው?»

ኮቱን ፈታ፣ መልሶ ቆለፈው። ያ ምላስ፣ እኔ ሳልጨርስ የሚጨርስልኝ ምላስ፣ ታሰረ።

«ስማኝ ልጄ» አሉት ዳኛዋ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየመለሱ። «ሕግ የተገለጸውን ያያል ያልከው ትክክል ነው። ያንን የሚያየው ግን ወረቀቱን አምኖ የተዋዋለውን ሰው ለመጠበቅ ነው። አንተ ወረቀቱን አላመንክም፤ ልቧን በጆሮህ ሰምተሃል። አለመፈለጓን እያወቅህ የተዋዋልካትን ሰው ፈርመሻልና አምጪ ማለት አትችልም።»

ከሰዓት በኋላ ተወሰነ። ውል የለም፤ እሽጉ ይነሳ፤ ደላላውም ሞተሩን ይውሰድ ተባለ። እማማ ዳኛዋን እግርዎን ልሳም ብለው በፖሊስ ተከለከሉ። አናጢዋ እናቷን በክንዷ ይዛ ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች። ቀና ብላ አላየችኝም። ኃላፊውም ሳያየኝ አለፈ። በሳምንቱ ልምምዱ እንደተሰረዘ፣ ለሚቀጥለው መንፈቅም ትምህርቱ ለሌላ መምህር እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ቀድጄ ጣልኩት። አልተገረምኩም፤ ግን እርር ድብን አልኩ።

አናጢዋ ክፍል መምጣት ተወች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። ደላላው ግን ፊት ወንበሩ ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዛል። ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ጠዋት አድራሻዋን ከመዝገብ ቤት ተቀብዬ ሄድኩ።

ሥራ ቦታዋ በቆርቆሮ የተከፈለ ግማሽ ግቢ ነው። ሳንቃዎች በርዝመታቸው ተደርድረው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ የሙጫ ጣሳ፣ የተንጠለጠሉ መጋዞች፣ ቀለም የሚጠብቅ አንድ ያላለቀ በር። ማሽኑ መሃል ላይ ቆሟል፤ እሽጉ የተለጠፈበት ቦታ ላይ የወረቀት ቅሪት አለ። እማማ ሲያዩኝ ሰላምም ሳይሉ በርጩማ አምጥተው ሰጡኝና ወደ ጓዳ ገቡ። አናጢዋ ሳንቃ እየለካች ነበር፤ መለካቷን አላቆመችም።

እኔ ደግሞ ጠባዬ ነውና ይቅርታ ለመጠየቅ መጥቼ በቁጣ ጀመርኩ።

«ምን ማለት ነው ይሄ? ሦስት ሳምንት ሙሉ? ፈተናው እንደደረሰ አታውቂም?»

«ትቼዋለሁ» አለች።

«ለማን ብለሽ ነው የምትተዪው? ማፈር ያለበት እሱ ነው! እሱ ፊት ለፊቴ ተጎልቶ ይማራል፣ የተበደልሽው አንቺ ቤትሽ ትቀሪያለሽ? በገዛ እጅሽ አሸናፊ አድርገሽ ልታስመርቂው ነው እንዴ?»

ሜትሯን ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ ከተተችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«መምህር፣ እሱ ሌባ ነው። ሌባ ይሰርቃል፤ ምን አዲስ ነገር አለው? በእሱ አንድ ቀን ተናድጄ በነጋታው ረስቼዋለሁ። እኔ ሕግ የተማርኩት አባቴን የበላው ወረቀት እኔን እንዳይበላኝ ብዬ ነው። ስፈራ የት ሄጄ ነው የምናገረው? መምህሬ ጋ ነው። እጄን አወጣሁ፣ ፈራሁ አልኩዎት። እርስዎ አሳቁብኝ።»

መልስ መስጠት ለምጃለሁ። ለሁሉም ነገር አንቀጽ አለኝ። አንቺም እኮ አንብበሽ ነው የፈረምሽው ልላት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። የኃላፊው ቃል ነው፤ ራሴን ጠላሁት።

«ይቅር በዪኝ» አልኳት። ከዚያ በፊት ለማንም ተማሪ ብዬው አላውቅም። ድምፄ እንደማላውቀው ሰው ድምፅ ሆነብኝ። «በድዬሻለሁ። ይቅር በዪኝ።»

አላየችኝም። ጆሮዋ ላይ መከለያ አደረገች፣ ሳንቃውን አነሳች፣ ማሽኑን አስነሳች። ግቢው በጩኸት ተሞላ፤ ሌላ ነገር ብል እንኳ እሷ አትሰማኝም፣ እኔም ራሴን አልሰማም። ብናኙ ጫማዬ ላይ ይወርድ ጀመር። ዝምታ መቀበል አይደለም፤ ሐሳብ ያቀረብክለት ሰው ዝም ካለህ ምንም አልያዝክም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ይህንን አስተምሬያለሁ። ያም ሆኖ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። ሳንቃው ሲያልቅ ሌላ ሳንቃ አነሳች።